ወፍና አበባ በጥንታዊ የቻይና የፍቅር ግጥም

ከቻይና የግጥም መድበሎች ሁሉ ጥንታዊ የሆነው ሺጂንግ 305 ግጥሞችን የያዘ ሲሆን፣ የተደረሱትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ11ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይታመናል። የመጀመሪያው ግጥም የሚከፈተው በወንዝ መካከል ካለች ደሴት በሚሰማ የወፍ ድምፅ ነው። ከወፏ ቀጥሎ ልጃገረድ፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል፣ በናፍቆት እንቅልፍ ያጣ ወንድ ይመጣሉ። በወፏና በሰዎቹ መካከል «እንደ» የሚል ማነጻጸሪያ የለም፤ ዝምድናውን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ይህ ነጻነት ግን ለአንባቢው አልቆየለትም። በሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተነሡ የኮንፊውሽየስ ትምህርት ሊቃውንት፣ ግጥሙ የንጉሥ ዌንን ሚስት ምግባር የሚያወድስ ነው ሲሉ ተረጐሙት። በዚህም የወጣቶች ናፍቆት የቤተ መንግሥት ሥነ ምግባር ማስተማሪያ ሆነ። ትርጓሜው የረቀቀ ነው፤ ግጥሙን ግን ከባለቤቶቹ ነጠቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዡ ሺ (1130–1200) ከአገር ዘፈኖቹ ብዙዎቹ ወንዶችና ሴቶች ስሜታቸውን የተገላለጹባቸው መሆናቸውን መሰከረ፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን የመጀመሪያውን ግጥም ለንግሥቲቱ ከመተው አልተመለሰም።

ለእንዲህ ያለ ትርጓሜ በቀላሉ እጁን የማይሰጠው፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ምዕተ ዓመት በያንግትዜ ወንዝ አካባቢ የተዘፈነው የደቡቡ ዘፈን ነው። ሎተስ የተባለው የውሃ አበባ በቻይንኛ «ልየን» ይባላል፤ «ማፍቀር» የሚለውም ቃል ድምፁ «ልየን» ነው። ሐር «ስ» ነው፤ ናፍቆትም «ስ»። በመሆኑም ከኩሬ ሎተስ የምትለቅመው ሴት ስለ ፍሬው እየዘፈነች ስለ ውዷ ትናገራለች። የእኛ ባለቅኔዎች ኅብር የሚሉት ይኸው ነው፤ ሰሙ በኩሬው፣ ወርቁ በልቧ።

ዩዋንያንግ የተባሉት ጥንድ ዳክዬዎች ደግሞ የማይለያዩ ባልና ሚስት ምሳሌ ናቸው። (በተፈጥሮ ግን ወንዱ እንስቲቱ እንቁላሏን ስትታቀፍ ጥሏት የሚሄድ ነው።) በ6ኛው ምዕተ ዓመት ሹ ሊንግ ባዘጋጀው መድበል በተጠበቀው ረጅም የትረካ ግጥም ውስጥ፣ አማት ምራቷን ከቤት ታስወጣለች፤ ወንድሟ ለሌላ ባል ሊድራት ሲያስገድዳት ራሷን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ ባሏም ራሱን ይሰቅላል። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድነት ይቀብሯቸዋል። በመቃብሩ ዙሪያ የተተከሉት ዛፎች ቅርንጫፎቻቸው ይተቃቀፋሉ፤ በላያቸውም ሁለት ዩዋንያንግ ሌሊቱን ሙሉ እየተጠራሩ ያነጋሉ።