ያልተፈረመ ውለታ፦ ሄይቲና ቬንዝዌላ ከ1816 እስከ 2019

የቬንዝዌላ መሪዎች ስለ ሄይቲ መናገር ሲጀምሩ ምስጋናን ያስቀድማሉ። በስፔን ጦር ተሸንፎ የተሰደደውን ሲሞን ቦሊቫርን ተቀብሎ፣ አስታጥቆ መልሶ የላከው አሌክሳንደር ፔትዮን መሆኑን የሚክድ የለም። አጠያያቂው ነገር ይህ ውለታ በሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ውስጥ መቼና ለማን እንደ ሠራ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሊቫር ከጃማይካ ተነሥቶ በ1815 መጨረሻ ሌ ካይ ወደብ ሲደርስ ሄይቲ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ሰሜኑ በንጉሥ ክሪስቶፍ እጅ ነው፤ ደቡቡን ፔትዮን በፕሬዚዳንትነት ያስተዳድራል። አገሪቱ ነጻነቷን ያወጀችው በ1804 ቢሆንም ዕውቅና የሰጣት መንግሥት አልነበረም። ፔትዮን ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ስንቅ፣ እንዲያውም ማተሚያ መሣሪያ ሳይቀር ሰጠ። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ቦሊቫር ነጻ በሚያወጣው መሬት ሁሉ ባሪያዎችን ነጻ እንዲለቅ። ቦሊቫር ስምዎን በይፋ ልጥራ ወይ ብሎ ሲጽፍለት ፔትዮን በፌብሩዋሪ 1816 በላከው መልስ አይሆንም አለ። ሄይቲ በይፋ ገለልተኛ ነበረች፤ ስፔንም ሆነች ፈረንሳይ ሰበብ እንዲያገኙባት አልፈለገም። ውለታው ከሰነድ ውጭ የቀረው እንግዲህ በመጀመሪያ በሰጪው ጥንቃቄ ነው።

ቃሉ የተፈጸመው በቁንጽሉ ነው። ቦሊቫር በጁን 1816 ቬንዝዌላ ገብቶ ካሩፓኖ ላይ ያወጣው አዋጅ ነጻነትን ከዘመቻ ጋር አሰረ፤ ከ14 እስከ 60 ዓመት ያለ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጦሩ ሪፖርት እንዲያደርግ አዘዘ። በቀጣዩ ወር ኦኩማሬ ላይ ሰፋ ያለ አዋጅ ቢያወጣም ዘመቻው ከሸፈና ተመልሶ ወደ ሄይቲ ሸሸ። ፔትዮን ሁለተኛ ጊዜ ረዳው። በ1821 የኩኩታ ጉባኤ ያወጣው ሕግ ግን ነጻ ያለው ከዚያ ወዲህ የሚወለዱትን የባሪያ ልጆች ብቻ ነው፤ እነሱም እስከ 18 ዓመታቸው ለእናታቸው ጌታ ያገለግሉ ነበር። ባርነት ከቬንዝዌላ ፈጽሞ የተወገደው በ1854፣ ፔትዮን ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ነው።

በዲፕሎማሲው ረገድ ክህደቱ ይብሳል። በ1824 የሄይቲ መልእክተኛ ቦጎታ ድረስ ሄዶ የወዳጅነት ቃል ኪዳን ቢያቀርብ፣ ቬንዝዌላን ያቀፈችው ታላቋ ኮሎምቢያ አልተቀበለችውም። በ1826 የአሜሪካ አገሮች የፓናማ ጉባኤ ሲጠራ ለዩናይትድ ስቴትስ ግብዣ ደረሳት፤ ለሄይቲ አልደረሳትም። ብዙ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ከውጭ ይፈልጋሉ፤ አዲሲቱ ሪፐብሊክ የአውሮፓንና የዋሽንግተንን ዕውቅና ትሻ ነበር፣ የዋሽንግተን ባሪያ አሳዳሪ ሴናተሮችም የሄይቲን ስም መስማት አይፈልጉም ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ በኔ እምነት ግን ግማሹ ነው። ከሌ ካይ ዘመቻ ጋር የነበረው ክልሱ ጄኔራል ማኑኤል ፒያር የዘር ጦርነት ሊያነሳሳ ነው በሚል ጭምር ተከሶ የተረሸነው በ1817፣ ዕውቅና ገና ሩቅ በነበረበት ወቅት ነው። የክሪዮል መሳፍንቱ (በአሜሪካ የተወለዱት ነጮች) የዘር ጦርነት ፍርሃት ከአገር ውስጥም የበቀለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በሐውልትና በንግግር ያለፈ ስለሆነ ብዙ አያቆየንም። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ አይታለፍ። የቬንዝዌላ ሰንደቅ ዓላማ መጀመሪያ የተሰቀለው ማርች 12 ቀን 1806 ዓ.ም. በሄይቲ ዣክሜል ባሕር ላይ፣ በነጻነት ታጋዩ በፍራንሲስኮ ዴ ሚራንዳ መርከብ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀንም በዚሁ ዕለት ይከበር ነበር። በ2006 በዓሉን ወደ ኦገስት 3፣ ሚራንዳ ቬንዝዌላ ምድር ወደ ወረደበት ቀን ያዞረው፣ ስለ ሄይቲ ውለታ ከማንም አብልጦ የተናገረው የፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬስ መንግሥት ነው! ቻቬስ በዓመቱ፣ በዚያችው በተሻረችው ማርች 12፣ ፖርት ኦ ፕሪንስ ገብቶ ሕዝቡ በሆታ ተቀበለው።

ቻቬስ ውለታውን በነዳጅ ከፈለ። በ2005 በተመሠረተው የነዳጅ አቅርቦት ስምምነት፣ በፔትሮካሪቤ፣ ሄይቲ ከዋጋው ከፊሉን በ90 ቀን ውስጥ፣ ቀሪውን ደግሞ በረጅም ጊዜ በአነስተኛ ወለድ ትከፍል ነበር። ፔትዮን ያለ ውል ሰጠ፤ ካራካስ በውል አበደረች። ከ2010ሩ ርዕደ መሬት በኋላ 395 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ብትሰርዝም ብድሩ ቀጠለ። በነዳጁ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለመንገድ፣ ለሆስፒታልና ለመኖሪያ ቤት የታሰበ ነበር። በ2018 ክረምት አንድ ፊልም ሠሪ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ የፔትሮካሪቤ ገንዘብ የት አለ የሚል ካርቶን ይዞ የተነሣው ፎቶ አገሩን አዳረሰ፤ ወጣቱም አደባባይ ወጣ። የሄይቲ የሒሳብ ፍርድ ቤት ሪፖርቶች ጣታቸውን ወደ ገዛ አገራቸው ባለሥልጣናት ቀሰሩ።

በዚህ ቀውስ መካከል፣ ጃንዋሪ 10 ቀን 2019፣ የአሜሪካ አገሮች ድርጅት የቻቬስን ተተኪ የኒኮላስ ማዱሮን አዲስ የሥልጣን ዘመን ሕጋዊ አይደለም ብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ከደገፉት 19 አገሮች አንዷ ሄይቲ ሆነች። ካራካስ ይህን እንደ ክህደት ብታየው አይገርምም። ነገር ግን የነዳጁ ጭነት በዚያን ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ በተቃውሞ የተወጠረው የሄይቲው ፕሬዚዳንት የጆቨኔል ሞይዝ መንግሥትም የዋሽንግተንን ድጋፍ ይሻ ነበር። በ1824 ቦጎታ የሄይቲን መልእክተኛ ስትመልስ ያመዛዘነችው ስሌት ከዚህ ብዙም አይርቅም።