የባሕር ዳር የከተማ ኩራት

የባሕር ዳር የከተማ ኩራት የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና አስተዳዳሪዎች ከተማቸውን የሚያዩበትና ለሌላው የሚያስተዋውቁበት መንገድ ነው። ባሕር ዳር ዛሬ የምትታወቀው በጣና ሐይቅ፣ በዘንባባ በተሞሉ ጎዳናዎቿና በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያሳደጋት ግን በአመዛኙ በ1961 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካውና ፏፏቴው ከአንድ ወንዝ ውኃ ስለሚፈልጉ፣ የከተማዋ ሁለት መኩሪያዎች አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተጋጭተዋል።

ከፋብሪካው በፊት

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። ለረጅም ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ነበረች። ነዋሪዎቹ ያርሱ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳም እህልና እንጨት ያመላልሱ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1936–1941 እ.ኤ.አ.) ቦታው የአስተዳደርና የጦር ሠፈር ሆኖ አደገ፤ የሐይቅ ላይ የጀልባ መጓጓዣም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የአካባቢው ታላላቅ ከተሞች ጎንደርና ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ፋብሪካው እንዴት መጣ

በ1947 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። የክፍያው ነገር ለዓመታት ካከራከረ በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አገሮች ተስማሙ። ከካሳው ከተሠሩት ሥራዎች ዋነኞቹ የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ናቸው። ፋብሪካው ጥጥ ፈትሎና ሸምኖ ጨርቅ የሚያወጣ ነው።

ፋብሪካው ብቻውን አልቆመም፤ ሌሎች ተቋማትን አስከትሏል።

* በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር።
* በ1964 እ.ኤ.አ. 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ለፋብሪካውና ለከተማው ኃይል ያቀርብ ነበር።
* በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የከተማውን መሪ ፕላን አዘጋጀ። ዛሬም ጎብኚ የሚያደንቃቸው ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች ከዚሁ ዘመን የከተማ ዕቅድ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ተስፋው ከፍ ያለ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የማዛወር ሐሳብ እንደነበራቸው በሰፊው ይነገራል። ዝውውሩ ባይፈጸምም ወሬው ራሱ የከተማዋ ኩራት አካል ሆኖ ቀርቷል። ከዓባይ ማዶ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት ለዚህ ወሬ እንደ ምስክር ይጠቀሳል።

ከሌሎች የፋብሪካ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ያሳደጋቸው ከተሞች በፋብሪካቸው በግልጽ ይኮሩ ነበር። የእንግሊዟ ማንችስተር «ኮተኖፖሊስ» (የጥጥ ከተማ) ትባል ነበር፤ ሀብቷን ለማሳየትም በ1877 እ.ኤ.አ. ታላቅ የከተማ አዳራሽ አስመርቃለች። የፖላንዷ ዉጅና የሕንዷ አሕመዳባድ ደግሞ የየአገራቸው «ማንችስተር» ተብለዋል። በኢትዮጵያም ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ኮምቦልቻና አዋሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥራ ዕድል ካመጣላቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

ባሕር ዳር ከእነዚህ የምትለየው ኩራቷን ከፋብሪካው ወደ ተፈጥሮ ቶሎ በማሸጋገሯ ነው። በፖስታ ካርድና በማስታወቂያ ላይ የሚታዩት ሐይቁ፣ ታንኳው፣ የደሴት ገዳማቱና ፏፏቴው ናቸው። የፋብሪካው ሠራተኞችና የታንኳ ሥራ ባለሙያ የሆኑት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በዚህ ምስል ውስጥ እምብዛም አይታዩም።

ፏፏቴውና ኤሌክትሪኩ

ጢስ ዓባይ ከከተማው ወደ 30 ኪ.ሜ. ርቆ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ይታይ ስለነበር ምስሉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የ1964ቱ ማመንጫ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለነበር በፏፏቴው ላይ ብዙ ለውጥ አላመጣም። በ1996 እ.ኤ.አ. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ውኃ ወደ ማመንጫው እየዞረ፣ በተለይ በበጋ ፏፏቴው ወደ ቀጭን ጅረት ወርዶ የታየባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከፏፏቴው የሚኖሩ አስጎብኚዎችና ሻጮችም የዚህ ጉዳት ተካፋይ ሆኑ። በ2010 እ.ኤ.አ. 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር በጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ላይ የነበረው ጫና ቀነሰ። ነገር ግን በለስም ውኃውን የሚወስደው ከዚያው ከጣና ነው።

ከተማዋ ራሷን የምታስተዋውቅበት

ከ1991 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ባሕር ዳር የአማራ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ይህም ከፋብሪካው ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ የዕድገት ምክንያት ነው። የነዋሪዎቿ ቁጥር በ1994 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 96,140 የነበረ ሲሆን በ2007 እ.ኤ.አ. (1999 ዓ.ም.) ቆጠራ 155,428 ደርሷል። ከተማዋን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ደጋግመው የሚያነሷቸው የሚከተሉት ናቸው።

* በ2002 እ.ኤ.አ. ከፈጣን የከተማ ዕድገት ጋር የሚመጡ ችግሮችን በመቋቋም ያገኘችው የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት
* በ2015 እ.ኤ.አ. ጣና ሐይቅ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡ
* «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው የባሕር ዳር ከነማ እግር ኳስ ክለብ
* በ2024 እ.ኤ.አ. (2016 ዓ.ም.) የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ

በሌላ በኩል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረም ዓሣ አጥማጆችንና ጀልባዎችን አስቸግሯል፤ «የሐይቅ ከተማ» የሚለውንም ስም ለጥያቄ አቅርቦታል። አረሙን በእጅ ለመንቀል ከከተማውና ከሌላ አካባቢ የተሰበሰቡ ሰዎች ዘመቻ ማድረጋቸው፣ የባሕር ዳር ኩራት ከተማዋን ከማሞገስ አልፎ ወደ ሥራ የተለወጠበት ምሳሌ ነው።

የፋብሪካው ውርስ

ፋብሪካው እንደ መጀመሪያው ዘመን የከተማዋ ብቸኛ ትልቅ ቀጣሪ አይደለም። ውርሱ ይበልጥ የሚታየው በትምህርት ነው። የፖሊቴክኒክ ተቋሙና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ2000 እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ይዟል። በጦር ካሳ የተተከለው ፋብሪካ የፈጠረው የሙያ ፍላጎት በዚህ መልክ ቀጥሏል።