ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ዛላ

“ወተት በጉንጬ።” የግጥም ርእስ ይመስላል፤ ነገር ግን የወሎ ገበሬ ለአንድ የማሽላ ዓይነት ያወጣው ስም ነው። “ማርጩቄ” የሚባልም አለ። እሸቱን ጠብሶ የበላ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ነበር። የሚፈልጉት ላይሲን የተባለውን፣ በማሽላ ውስጥ በጣም አነስተኛ የሆነውን ገንቢ ንጥረ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ ልቀው የተገኙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም የወሎ ነበሩ፤ ወተት በጉንጬና ማርጩቄ ከሚባሉት ወገን።

ገበሬው ስለ ላይሲን የነገረው ሰው አልነበረም። እሱ የሚያየው ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱም ከሌላው ያነሰ መሆኑን ነው። በኩንታል ብቻ ቢመዝነው ኖሮ ገና ዱሮ ይጥለው ነበር። ነገር ግን ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ፣ እሸቱን ለልጆቹ እየጠበሰ ትውልድ አሻገረው። እኔን የሚገርመኝ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ትዕግሥት ነው።

ጎበዝ ገበሬ ዘሩን የሚመርጠው ከአውድማ ሳይሆን ሰብሉ ገና ቆሞ ሳለ ነው። በማሳው ውስጥ እየተመላለሰ፣ ዝናብ ሲያጥር ያልጠወለገውን፣ ወፍና በሽታ ያልጎዳውን፣ ዛላው የሞላውን ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነው። የማሽላው ዛላና የበቆሎው ራስ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቃል፣ ሙቀቱ ያደርቃል። ደቃቁ ዘር በቅል ተደርጎ ይከደናል። የጎመን ዘርም እንዲሁ ነው፤ ከጓሮው ጎመን ጥቂቱ ሳይቀነጠብ አብቦ እንዲያፈራ ይተዋል፣ ከዘሩ ግማሹ ምጣድ ያሰሳል፣ ግማሹ ለከርሞ ይቀመጣል።

ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዘሩ አገሩን እየመሰለ ይሄዳል። በአንድ ማሳ ውስጥ ያለው ሰብል አንድ ወጥ አይደለምና ውርጩ አንዱን ይገድላል፣ ሌላውን ይተዋል፤ ለከርሞ የሚዘራው የተረፈው ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ በአብዛኛው በራሳቸው ብናኝ ስለሚራቡ የተመረጠው መልክ ቶሎ አይጠፋም። በቆሎ ግን ነፋስ ከጎረቤት ማሳ ያመጣበትን ብናኝ ስለሚቀበል፣ ዘሩን ጠብቆ ማቆየት ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ትግራይ ውስጥ ሐንፈጽ የሚባል አዘራር አለ፤ ስንዴና ገብስ ተቀላቅለው በአንድ ማሳ ይዘራሉ። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ አያሳፍርም፤ ከበጀ ስንዴው ይሰጣል። የወሎው ማሽላ ዘሪ ደግሞ ሚያዝያ ላይ የሚዘራ፣ ብዙ ወር የሚቆይ ማሽላ አለው። የበልጉ ዝናብ ከከዳው አርሶ ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል፤ እሱም ካልሆነለት ወደ ጤፍ ይዞራል። እንግዲህ ለአንድ ክረምት የሁለትና የሦስት ዓይነት ዘር ቤቱ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ ዓይነት “ምርጥ ዘር” ብቻ ሰጥቶ መሄድ፣ ለመንገደኛ አንድ እግር ጫማ እንደመስጠት ነው።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥተው፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝተው፣ በበቅሎ እየተጓዙ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰቡት ይህን ብዛት አይተው ነው። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል ቆጠሯት። የእሳቸው መጨረሻ ያሳዝናል፤ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት አረፉ። በተከበበችው ሌኒንግራድ የቀሩት የሥራ ባልደረቦቻቸውም የሰበሰቡትን ዘር አንበላም ብለው አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ የሩዙን ዘር ይጠብቅ ነበር።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ 77ቱ ድርቅ ይሄዳል። የሌኒንግራዱ ሰው የወሰነው በራሱ ሰውነት ላይ ነው። የወሎዋ እናት ግን ከምድጃዋ በላይ የተሰቀለውን ዛላ የምታየው ልጇ ሥሯ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው። አውርዳ ብትፈጭው ማን ይፈርድባታል? ብዙዎቹ በሉት፤ የቀረው ገበያ ወጥቶ ተሸጠ። በዘፍጥረት 47 ላይ ግብፃውያን ዮሴፍን እንጀራ ብቻ ሳይሆን ዘርም እንደለመኑት አብዛኞቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን። የተራበ ገበሬ ዛሬ ቢጠግብም፣ ዝናብ ሲመጣ የሚበትነው ከሌለው ረሃቡ አላበቃም።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዕፅዋት ዘር ማዕከል ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው መሥሪያ ቤት መነሻ ነው። ከ1979 ጀምሮ የመሩት በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ድርቁ በጠናበት ወቅት ባለሙያዎቹ የአገሬው ዘር ፈጽሞ ሳይጠፋ ከገበሬውና ከየገበያው እየሰበሰቡ አስቀመጡ፤ ኋላም ለባለቤቶቹ ይመልሱት ጀመር። ዶክተር መላኩ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

ይሁንና እሳቸው ዘር ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱን አልወደዱትም። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ባለበት ይቆያል፤ ውጭ ግን ዝናቡ ይለወጣል፣ በሽታው ይለወጣል። ስለዚህ ከገበሬዎች ጋር በማሳቸው ላይ ተጠብቆ እየተመረጠ እንዲቀጥል ታገሉ። የተሻሻሉ ዝርያዎች ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ማዳበሪያና በቂ ዝናብ ባለበት ብዙ ቤት አጥግበዋል። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ ሲታመሙ መድኃኒት የሚፈለግላቸው ከእነዚሁ ከአሮጌዎቹ ነው። ክሽክሽ የሚያዛምተው ቫይረስ የካሊፎርኒያን ገብስ ሲያቀጭጨው የመቋቋም ኃይሉ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የትኛዋ እናት በቅል እንዳኖረችው የሚያውቅ ግን የለም።

በምሥራቅ ሸዋ በኤጄሬ አካባቢ ገበሬዎች የቀድሞውን የአገር ስንዴ በአዲሱ ተክተው ነበር። ኋላ ዘሩ ከማዕከሉ ተመልሶላቸው የራሳቸውን የማኅበር የዘር ጎተራ አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። በዘር ጊዜ ዘር ያጠረው አባል ከጎተራው ይበደራል፤ መኸር ሲገባ የወሰደውን ከጥቂት ጭማሪ ጋር፣ ያንኑ ዓይነት፣ አበጥሮ ይመልሳል። ጭማሪው ለከርሞ ተበዳሪ ነው።