ሐሺሽና የአእምሮ ሕመም
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



በአንድ ቤት የሚወደድ ልጅ አእምሮው የታወከ እንደ ሆነ፥ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ መከራ ለሰው እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፥ እውነተኛው መልስ ቶሎ ሳይገኝ ሲቀር በቅርብ የተገኘው ምክንያት ይያዛል። አባቶቻችን ግን «ነገሩን ከሥሩ፥ ውሃውን ከጥሩ» ብለዋል። ዛሬ የምንነጋገረውም፥ ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚገኘው ሐሺሽ ለከባድ የአእምሮ ሕመም፥ ይልቁንም ስኪዞፍሬኒያ ለተባለው ሕመም ምክንያት ይሆን እንደ ሆነ የዓለም ሐኪሞች እንዴት ሲመረምሩ እንደ ኖሩ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን በጥሞና ከመረመሩት ከቀደሙት ሐኪሞች አንዱ ፈረንሳዊው ዶክተር ዣክ ዦዜፍ ሞሮ ናቸው። እኒህ ሰው በምሥራቅ አገሮች ሲዘዋወሩ የሐሺሽን ነገር ካዩ በኋላ ራሳቸው ቀምሰውት፥ በ1845 ስለ ሐሺሽና ስለ እብደት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸውም፥ ሐሺሽ የወሰደ ጤነኛ ሰው ለጥቂት ሰዓት የሚደርስበት የሐሳብ መበታተንና የሌለውን የማየት ነገር ከእብደት ጋራ ስለሚመሳሰል፥ ሐኪም የበሽተኛውን ዓለም በራሱ ላይ ሊያየው ይችላል የሚል ነበር። ነገር ግን የሐሺሽ ስካር ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ እብደት ግን እንዲህ አይለቅም። ስለዚህ ለጊዜው እብደት የሚመስል ነገር የሚያመጣው ዕፅ፥ ጸንቶ የሚኖር ሕመም የሚያመጣ መሆን አለመሆኑ ገና ሳይታወቅ ቀረ።

ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በስፋት የመረመረው በዚያን ጊዜ ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በለንደን የሕዝብ ምክር ቤት ጥያቄ ስለ ቀረበ፥ በ1893 ሰባት አባሎች ያሉት፥ ከነርሱም ሦስቱ ሕንዶች የሆኑ የምርመራ ጉባኤ ተቋቋመ። ጉባኤው በየክፍለ ሀገሩ እየተዘዋወረ የ1,193 ምስክሮችን ቃል ሰበሰበ። ሐሺሽና ጋንጃ ብዙ ሰው ያሳብዳሉ የሚባለው፥ የአእምሮ በሽተኞች ሆስፒታሎች በየዓመቱ ከሚያወጡት ቍጥር ተነሥቶ ነበርና፥ ጉባኤው በቍጥሩ ብቻ ሳይረካ ቍጥሩ ራሱ ከየት እንደ መጣ ጠየቀ።

የተገኘውም መልስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነው። በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ሲላክ አብሮት የሚሄድ ቅጽ ነበረ፤ በቅጹም ላይ የእብደቱን ምክንያት የሚጠይቅ ዓምድ ነበረበት። ይህን ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሐኪም ሳይሆን ፖሊስ ወይም ዳኛ ነው። በሽተኛው ከመንገድ ላይ የተያዘና ዘመድ የሌለው ከሆነ ታሪኩን የሚናገርለት አይገኝም፤ ዓምዱ ግን መሞላት አለበት። ስለዚህ ሰውዬው ጋንጃ ያጨስ ነበር የተባለ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ «ጋንጃ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ከቅጹ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ይገለበጣል፤ መዝገቡ በዓመቱ መጨረሻ ይደመራል፤ ድምሩም ታትሞ በወጣ ጊዜ የሳይንስ እውነት መስሎ ይታያል። በ1892 ወደ ሆስፒታሎቹ ከገቡት 1,344 በሽተኞች መካከል የ222ቱ ሕመም ከዚህ ዕፅ መጣ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ጉባኤው የያንዳንዱን በሽተኛ ታሪክ እንደ ገና ባስመረመረ ጊዜ ግን፥ ከዕፁ ጋራ ሊያያዙ የሚችሉት 98 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በ1894 ባወጣው መግለጫ፥ በልክ መውሰድ አእምሮን እንደማይጎዳ፥ ከልክ ማለፍ ግን አስቀድሞ የደከመውን አእምሮ ይበልጥ እንደሚያናጋ አስታወቀ።

ዳሩ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ተከታይ አላገኘም። በካይሮ የዐባሲያ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት እንግሊዛዊው ዶክተር ጆን ዋርኖክ፥ በ1903 ሐሺሽ በግብፅ ለእብደት ትልቅ ምክንያት መሆኑን ጻፉ። በሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ግን የሚያየው የታመሙትን ብቻ ነው፤ አጭሰው ሳይታመሙ የቀሩት ወደ እርሱ አይመጡም። በጄኔቭ በተደረገው የ1924ና የ1925 ጉባኤም የግብፁ መልእክተኛ ዶክተር ሙሐመድ ኤል ጊንዲ፥ በአገራቸው ካሉት የእብደት ሕመሞች ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ከሐሺሽ የመጡ መሆናቸውን ተናገሩ። በ30ና በ60 መካከል ያለው ርቀት፥ ነገሩ ከቈጠራ ይልቅ ወደ ግምት የቀረበ መሆኑን ያመለክታል። ሆኖም በ1925 በተፈረመው ስምምነት ካናቢስ በዓለም አቀፍ ቍጥጥር ሥር ገባ።

እንግዲህ ማስረጃው ደካማ ከነበረ፥ ክሱም ሐሰት ነበር ማለት ነውን? አይደለም። ደካማ ማስረጃ የቀረበበት ነገር እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፥ የተሻለ ምርመራ ያስፈልግ ነበር።

ይህም ምርመራ የተገኘው ከስዊድን ነው። በ1969ና በ1970 ለውትድርና የተጠሩት የስዊድን ወጣቶች ስለ ልማዳቸው ተጠይቀው ነበር። በ1987 የታተመው ጥናት የ45,570ውን መልስ ከሆስፒታል መዝገብ ጋራ ለ15 ዓመት አስተያየ። ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የወሰዱት፥ ፈጽሞ ካልወሰዱት ይልቅ በስኪዞፍሬኒያ የመያዛቸው ዕድል ስድስት ጊዜ ያህል በልጦ ተገኘ። የዚህ መዝገብ ብልጫ ጥያቄው ሰውዬው ከመታመሙ በፊት የተጠየቀ መሆኑ ነው። በ2002 ደግሞ ከ50,000 በላይ የሚሆኑት እስከ 27 ዓመት ድረስ ተከትለው፥ ሌሎች ምክንያቶች በተመዘኑ ጊዜ፥ ስድስቱ ወደ ሦስት ያህል ዝቅ አለ። ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። በዚሁ ዓመት ከኒውዚላንድ የወጣው ጥናትም፥ በ15 ዓመታቸው የጀመሩት ዘግይተው ከጀመሩት ይልቅ የበለጠ አደጋ እንዳለባቸው አሳየ።

በ2019 የታተመው፥ በአውሮፓና በብራዚል የተደረገው ምርመራ ደግሞ የዕፁን ኃይል መዘነ። በየቀኑ የሚያጨሱት ለከባድ የአእምሮ መታወክ የመጋለጣቸው ዕድል ካላጨሱት ሦስት ጊዜ፥ ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ የሚያጨሱት ደግሞ አምስት ጊዜ ያህል በልጦ ተገኘ። ኃይለኛ የሚባለውም፥ ዋናው አስካሪ ቅመም ከመቶ አሥር እጅና ከዚያ በላይ የሆነበት ነው።

በሌላ በኩል፥ በትውልድ ለሕመሙ የቀረቡ ሰዎች ወደ ካናቢስ የማዘንበል ዝንባሌም እንዳላቸው የዘር ጥናቶች አመልክተዋል፤ ስለዚህ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ይመስላል። ከሚያጨሱት አብዛኞቹ በዚህ ሕመም አይያዙም፤ ጨርሶ ሳያጨሱ የሚታመሙም ብዙ ናቸው። ዕፁ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በተለይም በልጅነት ለጀመረው፥ አዘውትሮ ለሚወስደውና በቤተ ሰቡ ሕመሙ ላለበት ሰው አደጋው ይከብዳል።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ስሕተት ለይተን እንወቅ። አንደኛው፥ የታመመውን ሁሉ «በገዛ እጁ ነው» ብሎ መፍረድ ነው፤ ይህ በሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨምራል፥ ቤተ ሰቡንም ከሐኪም ያርቃል። ሁለተኛው፥ የቀድሞው ማስረጃ ደካማ ነበርና ዕፁ ጉዳት የለውም ብሎ ወጣቱን ማጽናናት ነው፤ ይህም አንድን የ15 ዓመት ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ሊያስከፍለው ይችላል። ምክንያቱን በማናውቅበት ጊዜ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ የታወቀውን ግን በልኩ መናገር ግዴታችን ነው።