ጓሳ የያዘው ውሃ

ባናችሁን ደረብ አድርጋችሁ ጠጋ በሉ፤ የመንዟ የዘመሮ ማታ ጨዋታ አያስጨርስም።

በጥንታዊቷ ወደብ በአዱሊስ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር። ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገልብጦ አቆየልን። ስሙ የጠፋ ንጉሥ ሰሜን ተራራ ዘምቶ፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበት ያሰምጣል ይላል። አይግረማችሁ። ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት በፊት እኮ ሰሜንና ባሌ ላይ ከዓመት ዓመት የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። ዛሬ አፍሪካ ውስጥ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እሱም እየመነመነ። የኪሊማንጃሮው ከ1912 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአምስት እጁ ከአራቱ በላይ አልቋል።

እና ግግር የሌለው መንዝ በበጋ ምን ይጠጣል? ሣር ያጠራቀመውን!

የመንዝን የጓሳ ደጋ ያየ ያውቀዋል፤ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ጭላዳ የሚግጥበት። ጉሙ ሲተኛ የጓሳ ሣር ጠብታ ይለቅማል፤ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ዝናቡን መጥጦ ቀስ እያለ ለምንጭ ይለቃል። ወደ ምዕራብ የወረደው በወንጪትና በጀማ ዓባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው በይፋት ቆላ አድርጎ አዋሽ።

ይህንን ሣር የጠበቀው ቄሮ ነው። የፖለቲካውን አላልኩም! የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ልጆች የያዙት የመንዝ ሕግ ነበር። ሣሩ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ከብትም ማጭድም አይገባም። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨድ ነበር። ደፋሩ ክፉኛ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ያገኘ ሁሉ አስጋጠው፣ አጨደው። ኋላ የአገሩ ሰው ተመካክሮ በኮሚቴ መለሰው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ደጋው ክረምቱን ውርጭና ረግረግ ስለሚበላበት ገብሱን በበልግ ይዘራል፤ በልግ ደግሞ እምነት አጥቷል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ገብስ ሽቅብ መውጣት ይችላል፤ በልጉ የከዳው ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ቢከተለው ማን ይፈርድበታል? ኪሊማንጃሮን ዘብ አቁመህ አታድነውም። ጓሳን ግን ዘብ ነው ያቆየው፤ የሚያጠፋውም ማረሻ ነው።

ዘመሮ ላይ የካቲት ሲገባ፣ ከላይ የመጣ እንግዳ ገና ዱላውን ሳያስቀምጥ፣ ከጤናው ቀጥሎ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ላይ አገር ጣለ ወይ?»