የመስተዋቱ ስፋትና የበቅሎው ጭነት

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ፎቶግራፍም በስሙ ትርጕም በብርሃን መጻፍ ማለት ስለ ሆነ፣ ዛሬ የሙያው ባለቤቶች ስለ ሴንሰር ስፋት የሚያነሡት ክርክር በዚችው ከተማና በጎረቤቷ በአንኮበር በኩል ቢመረመር ተገቢ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ከታወጀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ይሁን እንጂ ሠዓሊው በርናትስ የአንኮበርን መልክ ያስቀረው በእርሳስና በቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ መጣ። የዚያ ዘመን እርጥብ የመስተዋት ሰሌዳ ሳይደርቅ ተነሥቶ ሳይደርቅ መታጠብ ስለ ነበረበት፣ ጨለማ ድንኳኑም መድኃኒቱም ከካሜራው ጋር ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ሲደርስ ግን ደረቁ ሰሌዳ በፋብሪካ መሠራት ጀምሮ ነበር። ኢልግ በኋላ የተዋቸው ፎቶግራፎች ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ይገኛሉ።

ድንኳኑ ቢቀርም የመስተዋቱ ክብደት አልቀረም። ወረቀቱ በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ በሚታተምበት ሥርዓት ሥዕሉ ከሰሌዳው ስለማይበልጥ፣ ትልቅ ሥዕል የፈለገ ትልቅ መስተዋት መሸከም ግድ ይሆንበታል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 18 በ24 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ፣ ደርዘኑ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ የ9 በ12 ሳንቲ ሜትሩ ደርዘን ግን ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው። እንግዲህ በትልቁ ሰሌዳ አንድ ሥዕል የሚነሣበት ጭነት በትንሹ አራት ያስነሣል። ከቈላ ተነሥቶ 2,400 ሜትር ከፍታን ወደሚያልፈው አንኮበር ለሚወጣ ጭነት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የወጣው ላይካ በ24 በ36 ሚሊ ሜትር ፊልም ሚዛኑን ለወጠው፤ ትንሹን ሥዕል በማጉያ ማስፋት ልማድ ሆነ። የዛሬው «ሙሉ» ሴንሰር ልኩን የወረሰው ከዚሁ ፊልም ሲሆን፣ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ የሚባለው 370 ያህል፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው 225 ያህል ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ቍጥርና የመዝጊያው ፍጥነት እኩል ሲሆኑ፣ ሙሉው ሴንሰር ከኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ 2.3 እጅ ያህል ብርሃን ይሰበስባል፤ ይህም ከአንድ ስቶፕ ጥቂት የሚበልጥ ትርፍ ነው።

ይህ ትርፍ በሌሊት ማሕሌት፣ በጧፍ ብርሃን ብቻ ለሚሠራ ሰው ዋጋ አለው። በቀትር ፀሐይ የአንኮበርን ገደል አንሥቶ በመጠነኛ ወረቀት ለሚያትም ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ የሌንሱ ዋጋና ክብደት ግን ይታያል። ስለዚህ መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፣ ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ሥራው የሚሠራበት እጅግ ጨለማው ቦታ የቱ ነው? ደንበኛው የሚፈልገው ትልቁ ኅትመትስ ምን ያህል ነው?

ከጥንቱ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ነው። የሣህለ ሥላሴን አንኮበር ለማየት የሚሻ ሰው የሠዓሊን እጅ ማመን አለበት፤ በዚያ ዘመን አቀበቱን የወጣ ሰሌዳ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእኛ አልደረሰምና። የሙያው ከባድ ኪሳራም የሥዕል ማነስ ሳይሆን የሥዕል አለመኖር ነው።