ጠበቃ የሌለው ወጪ፦ የዕዳ ዘመን በጀት ከኦሺዮት ሲታይ

የእስራኤል መንግሥት ዕዳ በ2022 ከአገሪቱ ጥቅል ምርት 60 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ወደ 69 በመቶ አሻቀበ። ሙዲስ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪና በሴፕቴምበር የአገሪቱን የብድር ደረጃ ዝቅ አደረገ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ኢኮኖሚስቱም ፖለቲከኛውም «ከሁሉ የሚቀድመው የትኛው ወጪ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የበጀቱ አሠራር ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የሚቆረጠው፣ ጥቅሙ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ጠበቃ የሌለው ወጪ ነው።

ረሆቮት ውስጥ ይህ በግልጽ ይታያል። ኦሺዮት፣ እንደ ቂርያት ሞሼ ሁሉ፣ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ የቫይትስማን የሳይንስ ተቋምም በዚያው ከተማ ይገኛል። ጁን 15 ቀን 2025 ሌሊት የኢራን ሚሳይል ተቋሙን መትቶ ቤተ ሙከራዎችን አወደመ። በጦርነት ለፈረሰ ሕንፃ የሚከፈለው ካሳ በ1961 በወጣው የንብረት ግብርና የካሳ ፈንድ ሕግ የተደነገገ ስለሆነ፣ ጉድለቱ ቢሰፋም መንግሥት «ዘንድሮ አልችልም» ማለት አይሆንለትም። መሆንም ያለበት ይኸው ነው። በአንጻሩ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ልጆች የታሰበው የማጠናከሪያ ትምህርትና የወጣቶች ሥራ በአብዛኛው የቆመው በመንግሥት ውሳኔ ላይ ነው፤ በ2015 እና በ2016 የጸደቀው «አዲስ መንገድ» የተባለው ዕቅድም እንዲሁ። ውሳኔ ዘመኑ ሲያልቅ እንደገና መጽደቅ አለበት፤ ዘመኑ ሳያልቅም ገንዘቡ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሁሉም እኩል ይቀንስ ሲባል መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመምህራኑን ደመወዝ በኅብረት ስምምነት፣ አበሉን በሕግ ታስሮ ሊነካው አይችልምና፣ ጥቂት መቶኛ የተባለው ቅነሳ ባልታሰረው ወጪ ላይ ሲያርፍ ከፍ ያለ ድርሻ ይሆናል። እኩል የተባለው ቅነሳ ሲወርድ እኩል አይደለም።

ሦስተኛም ከለላ አለ፤ እሱም የክኔሴት ድምፅ ነው። በጀት በጊዜው ካልጸደቀ ምክር ቤቱ በሕግ ይበተናል። በዚህ ምክንያት ለጥምር መንግሥቱ ፓርቲዎች ቃል የተገባው ገንዘብ በጦርነት ዓመታት እንኳ በቀላሉ አልተነካም። ሕግም ውልም የሌለው ወጪ በድምፅ ሊጠበቅ ይችላል ማለት ነው፤ ኦሺዮት ያጣው ይህንንም ጭምር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ የመከላከያ ወጪ እጅግ በማበጡ አገሪቱ «የጠፋው አሥር ዓመት» ወደሚባለው ዘመን ገባች፤ በ1984 የዋጋ ንረቱ 445 በመቶ ደረሰ፣ ዕዳውም ከዓመታዊው ምርት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። በዘመቻ ሙሴ ከሱዳን በረሃ የወጡት ወገኖቻችን የደረሱት ልክ በዚህ ወቅት፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 1985፣ የፔሬስ መንግሥት የማረጋጊያውን ዕቅድ አወጀ፦ የምግብ ድጎማ ተቆረጠ፣ የደመወዝ ጭማሪ ታገደ፣ አሜሪካም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ዕርዳታ ሰጠች። ዕቅዱ ሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሚገርመው ግን ድጎማው ወዲያው ሲቆረጥ፣ ላቪ የተባለው የጦር አውሮፕላን ፕሮጀክት እስከ ኦገስት 1987 መቆየቱ ነው፤ ያኔም የተሰረዘው በካቢኔው 12 ለ11 ድምፅ ነበር። 

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተወላጆች የተሰጠው ልዩ ማሽካንታ (የቤት መግዣ ብድር) የተለየ ትምህርት አለው። በዚያ ዘመን ገንዘቡ አልተነፈገም፤ እንዲያውም ለጋስ ነበር። ሆኖም ጣሪያው በርካሽ ቤት የተወሰነ በመሆኑ ገዢዎቹን በመሐል አገር ከተሞች ድሃ ሰፈሮች አከማቸ፤ ለትምህርት ቤቶቻቸው ተመጣጣኝ በጀት ግን አልተከተለም። ያኔ ያልተከፈለው እስከ ዛሬ በየጊዜው በሚታደስ ፕሮግራም ይከፈላል። እኔ ይህንንም ዕዳ እለዋለሁ፤ ሙዲስ አይመዘግበው እንጂ ወለዱን የሚከፍሉት ልጆች ናቸው።

የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች መልስ ይታወቃል፦ ወጪ ሁሉ በሕግ ከታሰረ በጀቱ መላወሻ ያጣል። እውነት አላቸው፤ የናጌል ኮሚቴ በጃንዋሪ 2025 መከላከያ ለአሥር ዓመት ተጨማሪ ቢሊዮኖች እንዲያገኝ ሲመክር ግን ይህ ስጋት አላገደውም። ለረጅም ጊዜ መታሰር ለጦር መሣሪያ የሚቻል ከሆነ፣ በተማሪ ብዛትና በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ ለሚሰላ የትምህርት ድጋፍም ይቻላል።

የረሆቮት ማዘጋጃ ቤት ተመራጮችና የማኅበረሰቡ ድርጅቶች፣ የሚቀጥለው በጀት ለክኔሴት ሲቀርብ፣ ስንት ሼክል እንደተመደበ ከመጠየቃችሁ በፊት ገንዘቡ በየትኛው የሕግ አንቀጽ እንደቆመ ጠይቁ። አንቀጽ ከሌለው እንዲጻፍለት ጠይቁ።